ጉልበትህ የት ነው?

ሸምሲያ ቦንዳውን በቢላ ስትቀደው
መጀመሪያ የወጣው ካፖርት ነው፣ ማን ሊወስደው፤
(ድሬ ላይ ካፖርት!)
ቀጥሎ ጓንት መጣ፣ ቀጥሎ ያንገት ልብስ፣
በመጨረሻ ግን እስከ ቦንዳው ሆድ ድረስ
ሁለት እጇን ሰዳ ስትጎትት፣ ስትጎትት፣
ወደቁ ሁለቱ፣ እንደ ተነቀለ በር፣ ድንገት።

ነጭ ናቸው፣ ሰፋፊ፣ ማሰሪያቸው ብዙ፤
ለምን እንደተሰፉ፣ ከየት እንደተጓዙ
የሚያውቅ ጠፋ።
አንዱ «የአህያ ኮርቻ ነው» አለ፣
ሌላው «የመንታ ልጆች ፍራሽ ነው» እያለ፣
ኪያር ደግሞ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ
«የአውሮፕላን በር ነው» አለ አምርሮ።

እኔ ግን አውቄአለሁ።
አንድ ሌሊት፣ ገንደ ቆሬ ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ፣
በመስታወት ሜዳ ሰው በቢላ ጫማ ሲጋፋ
አይቻለሁ። ዱላ ይዘው፣ እንደ ገና ጨዋታ፣
አንዲት ጥቁር ቁራጭ ሲያባርሩ በጫጫታ፤
ከበሩ ላይ ደግሞ፣ እንደ ግንብ የተገተረ፣
ይህንን የለበሰ በረኛ ነበረ።

እኔም በረኛ ነኝ፤ ሜዳዬ ደቻቱ፣
ወንዙ ከሄደ ወዲያ የሚቀር ደረቱ፤
ወድቄ በተነሣሁ ቁጥር ከጠጠሩ
የሳንቲም ያህል ቆዳ ይቀራል ካፈሩ፤
ሁለቱ የጉልበቴ ሎሚዎች፣ ታዲያ፣
ቅርፊት ብቻ ናቸው፣ ያለ መከለያ።

«ስምንት መቶ» አለች። ብታውቀው ኖሮ እጥፍ ትል ነበር፤
ዝም ብዬ ቆጠርኩላት የሲሚንቶ ጭነት ላቤን፣ በዝርዝር።

ልኩ ግን የኔ አይደል።
ያሰርኩት ከቅልጥሜ፣ ጫፉ ከእምብርቴ፤
ስራመድ ይዞራል፣ ፊቱን ወደ ኋላ፣ እንዳኮረፈች እህቴ፤
ኳስ ወደ ቀኝ ስትሄድ እኔ ስወድቅ ወደ ግራ፣
ሜዳው ሁሉ ሳቀ፣ ከሰፈር ልጅ እስከ አሞራ፤
አምስት ጎል ገባብኝ፤ አራቱ በመሀል፣
አንዱ ተኝቼ ሳለሁ፣ ለመነሣት ስታገል።

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ጋሽ ገብረየስ አለ፤
ባቡሩ በደህናው ቀን ወንበሩን የሰፋ፣ ቆዳውን የጠቀለለ፤
አሁን የባጃጅ ወንበር፣ የዕቃ ሸራ ይጠግናል፣
መርፌ በተሰበረ ቁጥር በፈረንሳይኛ ይሳደባል።
ተሸክሜ ሄድኩለት። ገለበጠው፣ አሸተተው፣
ጥፍሩን በስፌቱ ላይ ቀስ ብሎ ነዳው፣
«ይህን የሰፋ ሰው እጁ ይባረክ» አለ፤ «ላንተ ግን አልሰፋው።»

ከዚያ ሜትሩን አንሥቶ፣ «ጉልበትህ» አለኝ «የት ነው?»
ክንዴን አሳየሁት፣ ሲሚንቶ ያወፈረው።
«ጅል! የሚታጠፈውን ነው ያልኩህ፣ የሚያምህን፤
ሰው ቆሞ አይለካም። ተንበርከክና ስጠኝ ልክህን።»

ተንበረከክኩ፣ አስፋልት ዳር፣ ባጃጁ እያለፈ፤
በጠመኔ፣ ከተረከዜ ጀምሮ፣ ቁጥር ጻፈ፤
«እዚህ ጋ ጎድጓዳ አለ፣ ሎሚህ የሚያድርበት፤
ሽቅብ ቢውል፣ ቁልቁል ቢውል፣ ሺህ ጠፍር ብታስርበት
ዕዳ ነው።»

ጣቴን ይዞ ከተተው። እውነትም ጎድጓዳ፣
የማላውቀው ሰው ጉልበት የተኛበት ጓዳ፤
ከበላዩ ስም አለ፣ በጥቁር ቀለም፣ የደበዘዘ፣
ላብ ያጠበው፣ ፊደሉ የተያያዘ።
ለካ በረዶ ላይም ያልባል።
በረዶን የምናውቀው እኛ በብርጭቆ፣
ለዚያውም አፋችን ሳይደርስ አልቆ።

«ያንተስ ጉልበት የት ነው፣ ጋሽ ገብረየስ?» ብዬ ቀለድኩ።
ወስፌውን ሰም ሲያስነካ ቆየ። ምነው ባልጠየቅኩ።
«ፉርጎ ውስጥ ቀረ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ተንበርክኬ፣
ለመንገደኛው በልኩ፣ ለኔ ያለ ልኬ።»

ከላይ ስድስት ጣት ቆረጠ፣ ማሰሪያውን አሳጠረ፣
ጥጡን አራግፎ ዳሩን ዳግም አሠረ፤
ጎድጓዳውን ዝቅ አርጎ፣ ከነስሙ አስቀረ።
የተረፈውን ስፖንጅ ለባጃጅ ወንበር ከተተው፤
ዛሬ ከሳቢያን ከፊራ የሚሳፈረው ሰው
በበረዶ አገር ምቾት ላይ ነው፣ አያውቀው።
አንዷን ቁራጭ ግን እኔ ሰርቄ
ከሚንበረከክበት ጥዬለት ሄድኩ፣ ተደብቄ።
ሲያገኛት በፈረንሳይኛ ተሳደበ አሉ።

እሑድ ሁለት ገባብኝ፣ ሁለቱም ከራሴ በላይ።
የቀረው ሁሉ ነጥሮ ተመለሰ፣ ወደ ፀሐይ።
ማታ ማሰሪያውን ስፈታ፣ ከቅርፊቴ ላይ፣ በላብ ርሶ፣
የዚያ ሰው ስም አንድ ፊደል ታትሟል፣ ተገልብጦ፣ ተቆራርሶ።
እስከ ማክሰኞ አላጠብኩትም።